ጃርት ማጥመድ ልጀምር ነው፤ እንስሳው ሳይሰቃይ እንዴት ይቻላል?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ አካባቢ ነው። ማሳችን በአንድ ወገን ሸለቆ ያዋስነዋል፤ የምንተክለውም ድንች ነው። አምና ክረምቱን ሙሉ ጃርት ከሸለቆው እየወጣ ሌሊት ሌሊት ሲቆፍር ከረመ። አንዱን ተክል ጨርሶ አይሄድም፤ ከዚህም ከዚያም ነካክሶ ይተወዋል፣ የተነከሰው ድንች ደግሞ ሳይሸጥ ይበሰብሳል። አባቴ ማማ ላይ የሚያድሩበት ዕድሜ አልፏል፣ ወንድሞቼ ከተማ ገብተዋል፤ ስለዚህ ዘንድሮ ወጥመዱ የእኔ ኃላፊነት ሆኗል። ከዚህ በፊት አይጥ እንኳ አጥምጄ አላውቅም።

በእኛ አካባቢ የሚደረገው ይታወቃል። ከአሮጌ ብስክሌት የፍሬን ሽቦ ይወሰዳል፣ አሽክላ (ሲጎተት የሚጠብቅ ማነቂያ) ይሠራበታል፣ ጃርቱ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ይጣላል፤ ከዚያ ባለቤቱ ሲመቸው ሄዶ ያያል። ሲመቸው ማለት ጠዋት ሊሆን ይችላል፣ የገበያ ቀን ከሆነ ማታ፣ ለቅሶ ከገጠመ ደግሞ በማግስቱ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸኛው ክፍል ነው። ሰብሌን መከላከል እችላለሁ፤ ነፍስ ያለው ፍጡር ሌሊቱንና ቀኑን ከሽቦ ጋር ሲታገል እንዲውል ማድረግ ግን ከሰብል መከላከል ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ የምታውቁ ንገሩኝ። ሽቦ ይሻላል ገመድ? በየስንት ሰዓቱ ነው መታየት ያለበት? የምታጠባ ብትያዝ ምን ይደረጋል? ሚዳቋ ወይም የጎረቤት ውሻ ቢገባበትስ? የተያዘውን ሳያሰቃዩ የሚያሳርፉት እንዴት ነው? ጃርቱን ተወው የሚለኝንም ሰው አከብራለሁ፤ ነገር ግን ቤተሰቡን የሚያኖረው ይኸው ማሳ መሆኑን አስቡልኝ።

የመጡት መልሶች

ክሩ (ይህ የጥያቄና የመልስ ቅብብል) ስለረዘመና አዲስ የሚገቡትም ያንኑ ስለሚጠይቁ፣ የተባለውን ሁሉ በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር እዚህ አስቀምጬዋለሁ። ያልተስማማሁበትንም አላስቀረሁም።

መልስ 1። የጀመረው ከቡሬ በቆሎ የሚያመርት ወንድም ነው፤ በትሕትና። ወጥመድ ከማሰቤ በፊት አጥፊው ማን እንደሆነ እንዳረጋግጥ መከረኝ፤ ያላጠፋ እንስሳ መያዝ የመጀመሪያው ግፍ ነው ባይ ነው። ከርከሮ መሬቱን በአፍንጫው እየገለበጠ ሰፊ ቦታ ያበላሻል። ፍልፈል ከሥር ስለሚስብ ተክሉ ላዩን እንደቆመ ይጠወልጋል። ጃርት ከላይ ቆፍሮ ይበላል፣ በተረፈው ድንች ላይ የፊት ጥርሶቹ ሰፋ ያለ ምልክት ይቀራል፣ መንገዱም ላይ ብዙ ጊዜ የወደቀ እሾህ አይጠፋም። እሱ ራሱ ጃርትን ሲረግም ከርሞ ጥፋቱ የከርከሮ ሆኖ እንዳገኘው ጻፈልኝ። እንዳነበብኩ ወጥቼ ፈለግሁ፤ በሸለቆው ጫፍ እሾሁን አገኘሁ።

መልስ 2። ከደምበጫ። እሱም ያው ችግር እንዳለበትና መልሶቹን እንደሚከታተል ብቻ።

መልስ 3። ከባንጃ በኩል የጻፉ አንድ አያ ናቸው፤ ልጄ እያሉ ነው የጻፉልኝ። በልጅነታቸው ጃርት የሚያዘው በጉድጓድ እንደነበር አስታወሱ። ጉድጓዱ ውስጥ የሾለ እንጨት የሚተክሉም ነበሩ፤ ያን ግን በዚያን ጊዜም ነውር ነው የሚሉ ሽማግሌዎች አልጠፉም፤ የወደቀው ወዲያው አይሞትማ። ጥጃም ሕፃንም ሊገባበት ይችላል። እሳቸው ያደጉበት ወግ፣ ወጥመድ የጣለ ሰው ማማው ላይ እሳት አንድዶ እዚያው ያድራል የሚል ነው። ጥሎ ወደ ቤቱ የሚሄደውን አጥማጅ ብለው አይጠሩትም።

እኔ ከዚህ ክር ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ካለ ይኸ የአያ ቃል ነው፤ ሌላው ምክር ሁሉ ከእሱ ሲቀዳ አየሁት።

መልስ 4። እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ከወንበርማ የጻፈ ሰው ይኸ ሁሉ ወሬ ምን ያደርጋል ብሎ ተነሣ። ድንች ለሁለት ሰንጥቆ ለሰብል ተባይ የሚረጨውን መርዝ መቀባትና መንገዱ ላይ መበተን ብቻ እንደሚበቃ፣ ጃርቱም ጉድጓዱ ገብቶ ስለሚሞት ማንም እንደማያየው ጻፈ። ያልታየ ሥቃይ እንደሌለ አድርጎ ነው የቆጠረው።

መልስ 5። የዚህን ክር ረጅሙን መልስ የጻፈችው ደብረ ማርቆስ የምትሠራ የእንስሳት ሐኪም ናት። በመጀመሪያ ለ4ኛው መልስ ቀጥታ መልስ ሰጠች። ማሳ ላይ የተበተነ መርዝ ጃርቱን ብቻ መርጦ አይገድልም፤ ውሻ ይበላዋል፣ ዶሮ ይለቅመዋል፣ የሞተውን የሚያነሡት ጅብና ጥንብ አንሣም ይመረዛሉ፤ ከብት የሚጠብቅ ሕፃን ድንች አገኘሁ ብሎ ቢጠብሰው ደግሞ ሌላ ለቅሶ ነው። መርዝ በላው የተባለ ውሻ ይዘውላት የመጡ ሰዎችን ዐይን አይታለች፤ ሰውየው ያንን ቢያይ እንደዚያ ባልጻፈ ነበር አለች።

ቀጥላ ወደ ጥያቄዬ ገባች። ቀጭን ሽቦ ችግሩ እንስሳው በጎተተ ቁጥር እየጠበቀ መሄዱና ተመልሶ አለመላላቱ ነው። አንገት ከያዘ ቀስ ብሎ ያንቃል፤ እግር ከያዘ ቆዳውን አልፎ ሥጋው ውስጥ ይገባል፤ ወገብ ከያዘ ከሁሉ የከፋ ነው። ያመለጠው እንኳ ሽቦውን እንደያዘ ሄዶ ቁስሉ መግሎ ይሞታል። ስለዚህ ማጥመዱ ካልቀረ ወፈር ያለ ገመድ፣ ገመዱም ላይ ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳይጠብቅ የሚያግድ ቋጠሮ፤ እንደዚያ ሲሆን ይይዛል እንጂ አያንቅም፣ የማይፈለግ እንስሳ ከገባበትም በሕይወት ይለቀቃል። ገደል አፋፍ ላይ ወይም አጥር ሥር አይጣል፤ የተያዘው ሲዘል ተንጠልጥሎ ይቀራል። የሚታሰርበት አጭር ይሁን፣ ሮጦ በኃይል እንዳይመታ።

ስለ ሰዓቱ የሰጠችው መልስ የእንስሳውን ጠባይ ተከትሎ ነው። ጃርት የሌሊት እንስሳ ነው፤ ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ያደፍጣል። ስለዚህ ቀን ላይ የተዘረጋ ወጥመድ የሚይዘው ጃርትን አይደለም፤ ውሻ፣ ጥጃ ወይም ሚዳቋ ነው። ሲመሽ ይዘርጋ፣ ጎሕ ሲቀድ ይነሣ፤ በመካከሉም ሰው ከቦታው አይራቅ። ፀሐይ ወጥቶበት ታስሮ የተገኘ እንስሳ በጥማትም በፍርሃትም በውሻ ትንኮሳም ይጎዳል።

ስለ ማሳረፉ አጭር ነበረች፤ እኔም እንደዚያው ላሳጥረው። ሥራው የአንድ ቅጽበት መሆን አለበት፤ ጭንቅላቱ ላይ፣ በከባድ ነገር፣ ከዚህ በፊት ያደረገ ሰው ባለበት። ውሻ አይለቀቅበትም፣ ውኃ ውስጥ አይደፈቅም፣ በገመዱ አይጎተትም። ጃርት ሲያስፈራሩት በጀርባው ወደ ኋላ ስለሚመጣ ከፊት በኩል እንጂ ከኋላ አይቀረብም። ልቡ ያልጨከነለት ሰው ወጥመድ ባይጥል እንደሚሻል ጻፈች፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሁለቴ ሦስቴ ስለሚመታ። ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት።

መልስ 6። የወንበርማው ሰው ተመልሶ መጣ፤ ተቆጥቷል። ከተማ ተቀምጦ ስለ ጃርት ማልቀስ ቀላል ነው፣ የልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛው በዚያው ሰብል ነው፣ ጃርቱ ሲያጠፋ ማን ይከፍለዋል የሚል ነው ነገሩ። ሐኪሟን ደመወዝተኛ ብሎ ነካት። ስድቡ ተገቢ አልነበረም። ስለ ጉዳቱ ያለው ግን እውነት ነው፤ የተበላ ማሳ ያላየ ሰው አቅልሎ ሊያየው አይገባም። ይህን ክር የከፈትኩትም ያው ጉዳት ስለደረሰብኝ ነው።

መልስ 7። ከመርዓዊ፣ ከቆጋ መስኖ አካባቢ የጻፈች እናት ናት። ባሏ ካረፈ ወዲህ ማሳውን የያዘችው እሷ ናት፤ ልጆች ጥላ ማማ ላይ ማደር አትችልም፣ የሚያድር ሰው ልቅጠር ብትልም አቅሙ የላትም። ስለዚህ ወጥመዱን ጨርሳ ትታ በደቦ የድንጋይ አጥር አሠራች። ሐሳቧ ቀላል ነው፦ ጃርት ይቆፍራል እንጂ አይወጣም፣ አይዘልምም። ከፍ ያለ አጥር አያስፈልገውም፣ ጥልቅ መሠረት ነው የሚያስፈልገው። ከሠራች በኋላ ጃርቱ አንድ ቦታ ላይ መሠረቱ ሳስቶ አግኝቶ ገብቶባታል፤ ያን ደፈነችው።

መልስ 8 እና 9። አንዱ ልኩን ጠየቃት፣ እሷም መለሰች። ከመሬት በላይ ከጉልበት ከፍ ያለ፣ ከመሬት በታች ሁለት ስንዝር ያህል፤ ከሥሩ ደግሞ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወደ ውጭ ተነጥፎ፣ ሲቆፍር ድንጋይ ላይ እንዲያርፍ። ድንጋይ በሌለበት የሽቦ መረብ ቀብሮ ታችኛውን ጫፍ ወደ ውጭ ማጠፍም ያው ሥራ ይሠራል።

መልስ 10። ስለ ፍልፈል ነው፤ ከርእሱ ትንሽ ቢወጣም ለእኔ ጠቅሞኛል። የጻፈው ከሲናን፣ ከጮቄ ሥር ነው። ፍልፈል መተላለፊያው ሲከፈትበት አይወድም፤ አየር እንደገባበት አፈር እየገፋ ሊደፍነው ይመጣል። አጥማጁ ያን ስለሚያውቅ መንገዱን ከፍቶ፣ የተወጠረ ዘንግ ላይ ወጥመዱን አስሮ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እንስሳው ራሱ ስለሚመጣ ጥበቃው ረጅም አይደለም፣ ሲያዝም ሰውየው እዚያው ነው። እንግዲህ ይህ አባቶቻችን ሲሠሩበት የኖሩት ዘዴ ነው፤ አያ በ3ኛው መልስ ካሉት ጋር አንድ ሆኖ አገኘሁት።

ከመልስ 11 እስከ 13 ክሩ መንገድ ሳተ። አንዱ ጃርት እሾሁን እንደ ቀስት እንደሚወረውር፣ ስለዚህ ቀርቦ መምታት አደጋ እንዳለው ጻፈ። ሐኪሟ አረመችው፦ አይወረውርም፤ እሾሁ ቆዳው ላይ ላላ ብሎ ስለሚቀመጥ ሲነካ ወይም ሲያራግፈው ይወልቃል፣ የነካው እንስሳ ላይም ይሰካል። ሌላው የጃርት ሥጋ ለሕመም መድኃኒት ነው ተብሎ ሲበላ እንዳየ አነሣ፤ ይህን የሰማ ዲያቆን ነኝ ያለ ደግሞ ለክርስቲያን የተከለከለ መሆኑን ጠቅሶ ጠንከር ባለ ቃል ገሠጸው። ከዚያ ስለ ጾም፣ ስለ ደብተራ መድኃኒት፣ ስለ አንድ ጠበል ብዙ ተባለ። እዚህ አላመጣሁትም። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ለጉዳያችን የሚሆን አንድ ነገር ግን አለ፦ የማይበላ እንስሳ ስለሆነ ሰዎች ሞቱን አያስቡበትም። በግ ሲታረድ ቢላው ይሳላል፣ ይባረካል፣ እንዳይሰቃይ ይጠነቀቁለታል። ለጃርት ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚቀረው ሥጋው ማዕድ ስለማይቀርብ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ ትክክል አይመስለኝም።

መልስ 14። የሕግ ትምህርት ያለው ሰው ነው፤ ለስለስ ብሎ ግን በጥብቅ ጻፈ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና ደንብ ቁጥር 163/2000 እንዳሉ አስታወሰን። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን ያስቀጣል። ሰብል የሚያጠፋ ቢሆንም የመጀመሪያው እርምጃ ለቀበሌና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማመልከት ነው፤ ባለሙያ መጥቶ ጉዳቱን አይቶ የሚደረገውን ይወስናል። ማመልከቻው በጽሑፍ ይሁን፣ ጉዳቱም በስልክ ፎቶ ይነሣ አለ።

መልስ 15። ለ14ኛው የተሰጠ መራራ መልስ። ባለሙያው እስኪመጣ ድንቹ ያልቃል፣ ሕጉ መኪና ላለው ሰው ነው የተጻፈው የሚል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰዎች እየተመላለሱ ተነታረኩ፤ አንተ ተባባሉ። ሕግ ዐዋቂው አንድ ቦታ ላይ ትዕግሥቱ አልቆ ሕግ የማይወድ ሰው ሲከሰስ ብቻ ሕግ እንደሚፈልግ ጻፈ። አስተናባሪው ገብቶ ሁለቱንም ዝም አሰኛቸው። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ማመልከቻ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ መጠበቁ ከረዘመም እስከዚያው አጥር መሥራትን የሚከለክል ሕግ የለም።

መልስ 16። የሞጣ ልጅ ነው፤ አሁን የሚኖረው ካናዳ። እዚያ ቢቨር የሚባል ወንዝ የሚገድብ እንስሳ ለማጥመድ ጀማሪ ሆኖ ትምህርት መግባቱን ስለጻፈ ብዙ ሰው ትኩረቱን ሰጠው። ትምህርቱን ጨርሶ ፈቃድ ሳያወጣ ወጥመድ መጣል አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1997 ካናዳ፣ የአውሮፓ ኅብረትና ሩሲያ ስለ ወጥመድ አያያዝ የተስማሙበት ውል አለ። ለመግደል የሚሠራ ወጥመድ በፈተና ማለፍ አለበት፦ ከተፈተኑት እንስሳት ቢያንስ 80 ከመቶው በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ራሳቸውን ስተው ሥቃይ የማይሰማቸው ካልሆኑ ወጥመዱ አያልፍም። ለቢቨር የተወሰነው ጊዜ 300 ሴኮንድ ነው፤ ለአንዳንድ ትንንሽ እንስሳት 120፣ ከእነሱም ለምታንሰው ለአንዷ 45 ሴኮንድ። ለቢቨር በብዛት የሚጠቀሙበት ወጥመድ ሰውነቱን በአንድ ጊዜ የሚመታ፣ ፍራንክ ኮኒቤር የሚባል ራሱ አጥማጅ የነበረ ሰው የፈለሰፈውና እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ገበያ ላይ የዋለ ነው። ሰውየውን ለዚያ ሥራ ያነሣሣው በእግር የሚይዘው ወጥመድ የሚያደርሰው ሥቃይ ነበር።

በትምህርቱ ላይ አብዝተው የሚነግሯቸው ስለ ወቅቱ ነው። ቢቨር እንደ ጃርት ሁሉ ወንድና ሴት ተጣምረው የሚኖሩ፣ ልጆቻቸውንም አብረው የሚያሳድጉ ናቸው። ግልገል የሚወለደው በእነሱ ጸደይ ስለሆነ በዚያን ጊዜ የሚያጠምድ ሰው እናቲቱን ብቻ ሳይሆን ጎጆው ውስጥ የቀሩትንም ነው የሚገድለው። ሌላው ውኃ ነው። ቢቨር እስትንፋሱን ይዞ እስከ 15 ደቂቃ ውኃ ውስጥ መቆየት ስለሚችል፣ ውኃ ውስጥ ይዞ ማስቀረት ፈጣን ሞት ነው የሚሉት ሰዎች የተሳሳቱ መሆናቸውን አስረዳ።

መልስ 17። ከዚህ በኋላ የመጣችው አስተያየት ሰጪ 300 ሴኮንድ ማለት 5 ደቂቃ መሆኑን አስልታ፣ 5 ደቂቃ ሙሉ ሥቃይን ርኅራኄ ብሎ መጥራት ያሳፍራል ብላ ቆጣ ብላ ጻፈች። የካናዳው ልጅ አልተከራከራትም። የተጻፈው ጣሪያው ነው፣ ጥሩ ወጥመድ በትክክል ከተተከለ ከዚያ እጅግ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል፤ በስንፍና የተተከለው ግን ጣሪያውንም ያልፋል አለ። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ሆኖም የእኛ የፍሬን ሽቦ በሴኮንድ ቀርቶ በሰዓትም ተለክቶ እንደማያውቅ ሳስብ፣ ቢያንስ ለክተው የጻፉት ሰዎች ከእኛ የተሻለ ጠይቀዋል።

መልስ 18። ቢቨር ምን ዓይነት እንስሳ ነው ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ ማብራሪያ። እንደ አይጥና እንደ ጃርት የሚያፋጭ ጥርስ ያለው፣ ጅራቱ ጠፍጣፋ፣ ዛፍ በጥርሱ ጥሎ ወንዝ የሚገድብ። ግድቡ መንገድና ማሳ ስለሚያጥለቀልቅ ነው ሰው የሚጣላው። አሁን አሁን ግን በብዙ ቦታ ከማጥመድ በፊት በግድቡ መካከል ቱቦ አሳልፈው፣ የቱቦውን አፍ በሽቦ መረብ ከልለው ውኃውን ዝቅ ያደርጉታል፤ ዛፎቹንም በመረብ ይጠቀልሏቸዋል። እንስሳው እዚያው ይኖራል፣ መንገዱም አይሰምጥም። የመርዓዊዋ እናት ወዲያው ገብታ ይኸ የእኔው አጥር ነው አለች፤ ብዙዎች ደስ ብሏቸው ተቀበሏት።

መልስ 19። የወንበርማው ሰው ለሦስተኛ ጊዜ። አሁን ስድብ የለውም። ከነሕይወቱ በሣጥን ይዞ ወስዶ ዓባይ በረሃ መልቀቅ አይሻልም ወይ ብሎ ጠየቀ።

መልስ 20። ሐኪሟ፦ የሚሻል ይመስላል፣ ግን አይደለም። ጉድጓዱን፣ ውኃውንና አምሳያውን ከማያውቅበት ቦታ የተጣለ እንስሳ አብዛኛውን ጊዜ አይቀናውም፤ ቢቀናውም የሌላ ገበሬ ማሳ ላይ ነው የሚወድቀው። ጉድጓዱ ውስጥ ግልገል ካለ ደግሞ ያው ረሃብ ነው። በዚያው አያይዛ ጉድጓድ በጭስ ማፈንን አነሣች፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው ትላለች፣ አባትና እናት ከነልጆቹ አንድ ላይ ስለሚያልቁ። ጃርት የሚወልደው አንድ ወይም ሁለት ነው፤ እርግዝናውም 4 ወር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ እንደ አይጥ ቶሎ የሚተካ አድርጎ ማሰብ ስሕተት ነው።

መልስ 21። አንዱ ስለ ዝንጀሮ አነሣ። አንዱን ይዞ ቀለም ቀብቶ ቢለቁት መንጋው ፈርቶ እንደሚሸሽ ሰምቷል። ሦስት ሰዎች በአንድ ላይ ተነሡበት፤ አንዷ ልጆቹን እንዲህ እያሳየ ሊያሳድግ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። መልስ አልሰጠም።

መልስ 22። የእኔ ነው። የወሰንኩትን ጻፍኩ። ለወረዳው ማመልከቻ ገብቷል። በሸለቆው በኩል ያለውን ወገን በደቦ በድንጋይ እንዘጋዋለን፤ ድንጋዩ አለ፣ የጎረቤቶቼም ማሳ በዚያው ስለሚጠበቅ እምቢ ያለኝ የለም። ፈቃድ ተሰጥቶ ማጥመድ የግድ ከሆነ ግን በአጥሩ ክፍት ቦታ ላይ ብቻ፣ አንድ ወጥመድ ብቻ፣ በገመድ፣ ማገጃ ቋጠሮ ያለው፣ ሲመሽ ተዘርግቶ ሲነጋ የሚነሣ፤ እኔም ማማው ላይ። ማደር ያልቻልኩ ለት ወጥመዱ አይዘረጋም። አጎቴ ከብት በማረድ እጁ የታመነ ሰው ስለሆነ አብሮኝ ሊያድር ቃል ገብቷል።

መልስ 23። አያ ከባንጃ ደስ አላቸው፤ መረቁኝም። አንድ ነገር ጨመሩልኝ፦ ገመዱ ጫፍ ላይ የበሬ ቃጭል ይታሰር። ማማ ላይ ያለ ሰውም ሊያሸልበው ይችላል፤ ቃጭሉ ከተንቀጫቀጨ ግን የተያዘው እንስሳ ብዙ ሳይታገል ይደረስለታል። የካናዳው ልጅ ይህን ሲያነብ፣ እዚያ ወጥመዱ ሲዘጋ ስልክ ላይ መልእክት የሚልክ መሣሪያ እንደሚሸጥና ሥራው ከቃጭሉ ጋር አንድ መሆኑን ጻፈ።

መልስ 24። የደምበጫው ወንድም ከረጅም ዝምታ በኋላ ጠየቀ፦ በሐምሌ ነፋስና በረዶ ቃጭሉ ሌሊቱን ሙሉ አይረብሽም ወይ? አያ መለሱለት። ቃጭሉ ገመዱ ላይ አይንጠልጠል፤ ገመዱ በላላበት ክፍል ላይ ታስሮ መሬት ላይ ይተኛ፣ ከላዩም ገል ይደፋበት። የሚነሣው ሲጎተት ብቻ ነው።

መልስ 25። የእኔ፤ ገና መልስ ያላገኘ። የምታጠባ እናት ብትያዝ መለቀቅ እንዳለባት ሐኪሟ ነግራኛለች፤ የጃርት ጡት በጎንና በጎኗ ስለሆነ ከፊት ለፊት በባትሪ ሊታይ እንደሚችልም ጨምራለች። ችግሩ ገመዱን መቁረጥ ነው፤ እሾሁ እያለ እጅ አይጠጋም። ረጅም ዘንግ ላይ ማጭድ አስሮ የሞከረ፣ ወይም በሩቁ ተስቦ የሚፈታ ቋጠሮ የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ አሠራሩን ጻፉልኝ፤ ደቦው ከመጠራቱ በፊት ገመዱን ገዝቼ መሞከር እፈልጋለሁ።